የሞተር ማጽጃው ጠርሙስ ያዋጣል ወይስ ኪስ ያራቁታል?



የነዳጅ ዋጋ ማስተካከያ በተነገረ ቁጥር ኢንቦክሴን የሚያጨናንቀው ጥያቄ «ቤንዚን ስንት ገባ?» የሚለው አይደለም። እሱንማ ሰንጠረዡ ላይ እናየዋለን። ጥያቄው፣ «ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሞተርም ያጸዳል ተብሎ የሚሸጠውን አዲቲቭ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። አንዱ የቪትስ ባለቤት ነው፤ ሌላው ዶልፊን ይነዳል፤ ሌላው ደግሞ ጅቡቲ መስመር ላይ ናፍታ እየጠጣ የሚውል ከባድ መኪና አለው። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ሞተር ይመስላል እንጂ ስለ ብር ነው። ስለዚህ እዚህ ቻናል ላይ መነሣቱ ትክክል ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ማጽጃው ውሸት አይደለም። የሚሸጥበት ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማጽጃው መግባት ያለበት እኛ ጠርሙስ ገዝተን በምንጨምርበት ታንክ ሳይሆን ነዳጁ በጅምላ በሚራገፍበት ዴፖ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንየው።

በመጀመሪያ፣ ሞተር ውስጥ የሚቆሽሸው ምኑ ነው?

ቤንዚን አንድ ነገር አይደለም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሕዶች ድብልቅ ነው። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ሙቀትና አየር ሲያገኛቸው ወደ ሙጫነት ይለወጣሉ። መኪናውን አቁማችሁ ሞተሩን ስታጠፉ፣ ኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ የቀረችው ጠብታ በሞተሩ ግለት እዚያው ትጠበሳለች። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ወጥ ሲፈላ ድስቱ ዳር ላይ የሚጋገረውን አስቡት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሙጫው ሦስት ቦታ ላይ ያስቸግራል። አንደኛው ኢንጀክተሩ ጫፍ ነው። ነዳጁ እንደ ጉም መረጨት ሲገባው እንደ ቧንቧ ውኃ መንጠባጠብ ይጀምራል። ሁለተኛው አየርና ቤንዚን የሚያስገባው ቫልቭ ጀርባ ነው። እዚያ የተጋገረው ካርቦን እንደ ስፖንጅ ቤንዚን ይመጣል፤ በተለይ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። መኪናው አልነሣ የሚለው፣ ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጠው፣ ስትረግጡት የሚያመነታው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ሦስተኛው ራሱ የሚቃጠልበት ክፍል፣ ማለትም የፒስቶኑ ራስና የቴስታታው ውስጥ ነው። እዚያ ካርቦን ሲከማች ቦታው ይጠባል፣ ግለቱም ይጨምራል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል።

ናፍታ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የዘመኑ ናፍታ ሞተሮች ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ከመርፌ ቀዳዳ እጅግ ባነሱ ቀዳዳዎች ነው የሚረጩት። እዚያ ላይ ትንሽ ቆሻሻ ማለት ትልቅ ጥቁር ጭስ ማለት ነው። ኖዝል ማስቀየር ስንት እንደሚያስወጣ ደግሞ የከባድ መኪና ባለንብረቶች ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

የአዲስ አበባ አነዳድም ያባብሰዋል። ከሜክሲኮ መገናኛ ለመድረስ ቆመህ፣ ተንፏቀህ፣ ደግሞ ቆመህ ነው። ሞተር የሚወደው ለረጅም ሰዓት እየሞቀ በደንብ መሥራትን ነው፤ እኛ የምንሰጠው ደግሞ ቆሞ ማጉረምረምን ነው።

ማጽጃው እንዴት ነው የሚሠራው?

በቀላሉ ለመናገር፣ እንደ ሳሙና ነው። የማጽጃው ሞለኪዩል አንድ ጫፉ ቆሻሻውን ይይዛል፣ ሌላኛው ጫፉ ነዳጁ ውስጥ ይሟሟል። ቆሻሻውን እየጎተተ ከነዳጁ ጋር ያስገባዋል፤ እዚያ ይቃጠልና በማርሚታ ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ተአምር የለውም።

ሁለት ዓይነት ስሞችን ማወቅ ግን ይጠቅማል። አንዱ ፖሊአይሶቡቲሊን አሚን ይባላል። ኢንጀክተርንና ቫልቭን ንጹሕ አድርጎ በማቆየት የታወቀ ነው። ሌላው ፖሊኢተር አሚን ነው፤ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ፒኢኤ ይሉታል። ይሄኛው ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችል የሚቃጠልበት ክፍል ውስጥ ያለውን ካርቦን ጭምር ይነካል። ጥሩ የሚባሉት የጠርሙስ ማጽጃዎች የሚመኩት በዚህ ነው።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። ንጹሕ ሞተርን ንጹሕ አድርጎ ማቆየት በጣም ትንሽ ማጽጃ ይበቃዋል፤ በየሊትሩ ግን ሁልጊዜ መኖር አለበት። የቆሸሸውን ማጽዳት ደግሞ ብዙ መጠን በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ጥርስን በየቀኑ መቦረሽና ዓመት ጠብቆ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ማስፋቅ እንደማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ ሒሳቡ ላይ ይመጣል።

ማስረጃስ አለው ወይ? አለው። አሜሪካኖች ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገር ውስጥ የሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ማጽጃ እንዲኖረው በሕግ አስገድደዋል። ያደረጉት ለባለ መኪናው አዝነው አይደለም። የቆሸሸ ሞተር አየር ስለሚበክል ነው፤ ሕጉም የአየር ብክለት ሕግ ነው። መኪና ሠሪዎቹ ግን ሕጉ ያስቀመጠው መጠን አነሰብን አሉ። በ2004 ቢኤምደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ተሰባስበው «ቶፕ ቲር» የሚባል ከፍ ያለ ደረጃ አወጡ። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር የሆነው ትሪፕል ኤ ደግሞ በ2016 ባሳተመው ሙከራ፣ ሞተሮችን ለ100 ሰዓት አሠርቶ ቫልቮቻቸውን ሲመዝን፣ ይህን ደረጃ ያላሟላው ቤንዚን በአማካይ 19 እጥፍ የበለጠ ቆሻሻ ትቶ አገኘው። 19 በመቶ አላልኩም፤ 19 እጥፍ ነው።

ስለዚህ «አዲቲቭ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው» የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

የማያጸዳውስ?

ማጭበርበሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ጠርሙሱን ሲያነሣ መድኃኒቱ የማይፈውሰው በሽታ የለም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

1. አዲሶቹ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ የቤንዚን ሞተሮች። በእነዚህ ላይ ነዳጁ በቫልቩ ጀርባ አያልፍም። በማያልፍበት ደግሞ አያጥብም። ታንክ ውስጥ ምንም ብትጨምሩ የመግቢያ ቫልቩን ካርቦን አያነሣውም። ኢንጀክተሩን ሊረዳ ይችላል፤ ቫልቩ ግን ተፈትቶ ነው የሚጸዳው። ቪትስና የቆዩት ኮሮላዎች ግን የድሮው ዓይነት ስለሆኑ ማጽጃው ቫልቫቸው ላይ ይደርሳል።

2. ኦክቴን ቡስተር። ይሄ ከማጽጃ ጋር አንድ አይደለም! መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የኦክቴን መጨመሪያዎች አንዳንዶቹ ማንጋኒዝ ወይም የብረት ውሕድ ነው ያላቸው፤ ሲቃጠሉ ካንዴላው ላይ ቀላ ያለ ዝቃጭ ይተዋሉ። ለማጽዳት የገዛችሁት ነገር ያቆሽሻል ማለት ነው። ደግሞስ አዲስ አበባ ላይ ለምን? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ስለሚያንስ የማንኳኳት ዝንባሌውም ይቀንሳል። የኦክቴን ፍላጎቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይጨምርም። ጅቡቲ ወይም ድሬዳዋ ላለ ሰው ሌላ ጨዋታ ነው፤ ለቦሌ ቪትስ ኦክቴን መግዛት ግን ለዓሣ ጃንጥላ መግዛት ነው።

3. የተበረዘ ነዳጅ። ቤንዚን ውስጥ ላምባ ከተቀላቀለ ኦክቴኑ ይወርዳል፣ በደንብ አይቃጠልም፣ ካርቦን ያበዛል። ናፍታ ውስጥ ሲቀላቀል ደግሞ የማለስለስ አቅሙን ስለሚቀንስ ፖምፓውን ይበላዋል። የትኛውም ማጽጃ ላምባን ወደ ቤንዚን አይቀይርም። ክፍለ ሀገር መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን በውድ ገዝቶ፣ «ለጥንቃቄ» ብሎ አዲቲቭ የሚጨምርበትን ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜም አልዳነ።

4. ውኃ። በክረምት የማደያ ታንክ ውስጥ ውኃ ከገባ መፍትሔው ማስቀዳትና ማጠብ ነው። ውኃ የሚበትኑ ፈሳሾች ለጠብታ ያገለግላሉ፤ ለሊትር አይደሉም።

5. ያረጀ ሞተር። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ቀለበቱ አልቋል ማለት ነው። ቆሻሻን እንጂ እርጅናን የሚያጥብ ሳሙና የለም።

6. ነዳጅ ቆጣቢ ክኒን፣ ማግኔት፣ «30 በመቶ ይቀንሳል» የሚባለው ሁሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ባለፉት ዓመታት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችንና ፈሳሾችን መርምሮ፣ ፍጆታን ጉልህ በሆነ ደረጃ የሚቀንስ አላገኘም። ቢኖርማ ኖሮ መኪና ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከመኪናው ጋር አብረው ይሸጡልን አልነበር?

እስቲ አሁን ወደ ሒሳቡ

ይህ ቻናል የዋጋ ቻናል ነው፤ ያለ ሒሳብ አንለያይም። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለስሌት እንዲቀል ክብ ቁጥር ልውሰድ። የራሳችሁን ቁጥር ተክታችሁ ሥሩት።

ቤንዚን ሊትሩ 130 ብር ነው እንበል። ጠርሙሱ ማጽጃ 1,500 ብር ነው እንበል። መኪናችሁ በከተማ ውስጥ በሊትር 12.5 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች እንበል።

አንድ ሙሌት 40 ሊትር ነው፣ 5,200 ብር ማለት ነው። በየሙሌቱ አንድ ጠርሙስ የምትጨምሩ ከሆነ፣ የነዳጅ ወጪያችሁ ላይ 29 በመቶ ገደማ ጨመራችሁ። ይህን ለመመለስ ማጽጃው ፍጆታችሁን ከአንድ አምስተኛ በላይ መቀነስ ነበረበት። እንዲህ የሚያደርግ ማጽጃ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ በየሙሌቱ መጨመር ኪሳራ ነው፤ ክርክርም አያስፈልገው።

በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ዘይት ልትቀይሩ ስትቃረቡ አንድ ጊዜ ብትጨምሩስ? 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 400 ሊትር ያስፈልጋል፤ 52,000 ብር ነው። 1,500 ብር የዚህ 3 በመቶ ገደማ ናት። እንግዲህ ሞተራችሁ በእርግጥ ቆሽሾ ከነበረና ማጽጃው 3 በመቶ ያህል ከመለሰላችሁ፣ ወጪና ገቢ እኩል ነው። ከዚያ በላይ ከመለሰ ትርፍ ነው። ሞተሩ ንጹሕ ከነበረ ግን የሚመልሰው ነገር የለም፤ 1,500 ብሩ በማርሚታ ወጣ።

በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የራይድ ሾፌር ጋር ስናመጣው ደግሞ፣ በቀን ወደ 10 ሊትር፣ 1,300 ብር ነው። 3 በመቶው 39 ብር ነው። ጠርሙሱ ወጪውን ለመመለስ 39 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ያ ደግሞ ወደ 4,700 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጣዩ ጠርሙስ ሊገዛ ሲል ማለት ነው። ያዋጣል ከተባለም ለጥቂት ነው የሚያዋጣው።

በጎን ደግሞ ይህን አስቡ። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት የጎማ ንፋስን በትክክል መሙላት ብቻ ፍጆታን እስከ 3 በመቶ ሊያሻሽል እንደሚችል ይገልጻል። ጎሚስታ ቤት ንፋስ ማስሞላት ስንት ነው? ታዲያ 1,500 ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጎማችሁን፣ የአየር ፊልትሮአችሁንና ካንዴላችሁን አይታችኋል? ከርካሹ መጀመር ነው ብልህነቱ።

ገበያው ላይ ያለው ሌላው አደጋ

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንደተተኮሰ ታውቃላችሁ። አዲቲቭም ከዚህ አላመለጠም። አንድ ዕቃ ዋጋው ሲወጣ፣ ትንሽ ከሆነና ገዥው በዓይኑ መለየት ካልቻለ፣ አስመሳይ ይመጣበታል። ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬ ላይ ያየነው ነው። ቅቤን ግን ቢያንስ ትቀምሱታላችሁ፤ ማጽጃን ምን አድርጋችሁ ትለዩታላችሁ? ቀለም የገባበት ላምባ ቢሆንስ መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፤ ለወራትም ምንም አታውቁም።

ስለዚህ ከገዛችሁ፦ ይዘቱን በግልጽ የማይናገር ጠርሙስ አትግዙ። ጀርባው ላይ ፒኢኤ መኖሩን የሚገልጽ ከሆነ አንድ ደረጃ አለፈ። ለስንት ሊትር እንደሚበቃ፣ ለቤንዚን ወይስ ለናፍታ እንደሆነ፣ የሠሪው አድራሻ፣ የተመረተበት ጊዜ መኖር አለበት። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ዋስትናም አይሰጥም። ሱማሌ ተራም ግዙት ቦሌ፣ ቦታው ሳይሆን ደረሰኙ ነው ቁም ነገሩ።

መፍትሔው ያለው የት ነው?

አሁን ወደ ዋናው አቋሜ መጣሁ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ልዩነት ነበር፤ ንጹሕ ማቆየት ትንሽ መጠን ነው የሚፈልገው፣ ግን በየሊትሩ። ይህ ደግሞ ጠርሙስ ገዝቶ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የዴፖ ሥራ ነው። መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ለ1,000 ሊትር ቤንዚን ከአንድ ሊትር በታች ማጽጃ ነው።

እንደገና ሒሳብ። አንድ ሊትር ማጽጃ ለ2,000 ሊትር ይግባ እንበል። ማጽጃው በጅምላ ሊትሩ 2,000 ብር ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ሊትር ቤንዚን ላይ የሚጨምረው 1 ብር ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 400 ሊትር ብለን ነበር፤ 400 ብር ማለት ነው። በጠርሙስ ከሆነ 1,500 ብር፣ ያውም አንዴ ታጥቦ መልሶ እስኪቆሽሽ። በዴፖ ከሆነ 400 ብር፣ ያውም ከመነሻው ሳይቆሽሽ። የጅምላና የችርቻሮ ልዩነት ምን እንደሆነ ለዚህ ቻናል ተከታታይ አላስረዳም።

ይህን ለማድረግ ደግሞ እኛ ከብዙ አገሮች የተሻለ ሁኔታ አለን። አሜሪካ ውስጥ ስንትና ስንት ነጋዴ ነው ነዳጅ የሚያቀርበው። እኛ ዘንድ ነዳጁ በመንግሥት በኩል፣ በኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው የሚገዛው። ዋናው መግቢያ ጅቡቲ ነው። ዋጋውም በየጊዜው በመንግሥት ይወሰናል። ለመቆጣጠር የሚመች መስመር ነው። ግዥው ላይ አንድ መስፈርት ማስገባት፣ ዋጋው ሰንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። አሁን የሚወጣልን ሰንጠረዥ ስለ ብርና ሳንቲም ይነግረናል፤ በገዛነው ሊትር ውስጥ ምን ያህል ማጽጃ እንዳለ ግን አይናገርም። ሥጋ ስንገዛ እንኳ ብልቱን እንጠይቃለን።

«ነዳጅ ላይ መቀላቀል ለእኛ ከባድ ነው» የሚል ካለ፣ ታሪኩን ያስታውስ። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ አዲስ አበባ ውስጥ ይሸጥ ጀምሮ ነበር፤ በኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። 5 በመቶ ማለት በ1,000 ሊትር 50 ሊትር ነው። 50 ሊትር ያቀላቀለ አገር ግማሽ ሊትር ማቀላቀል አያቅተውም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ልመልስ።

የመጀመሪያው፣ «ሕዝቡ በዋጋው እየተማረረ 1 ብር ትጨምራለህ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ቤንዚን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ከነበረበት 91 ብር ከ14 ሳንቲም ነበር የተነሣው። በአንድ ማስተካከያ ከ10 ብር በላይ። ከዚያ በኋላም ጭማሪው አልቆመም። በነዚያ ጭማሪዎች ሁሉ ባለ መኪናው ያገኘው ያንኑ ሊትር ነው። 1 ብሯ ግን ሌላ ናት፤ ኖዝል፣ ካንዴላና ጋራዥ ላይ የሚወጣውን የምትቀንስ ናት። ያለ ምንም ለውጥ ከሚጨመርብኝ 10 ብር ይልቅ ሥራ ያላትን 1 ብር ብጠየቅ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው፣ «መንገድ ላይ ከተበረዘ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። ይሄኛው ጠንካራ ነው። ግን እዚህም ላይ ዋጋ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። የዋጋ ሰንጠረዡን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ በነዚያ ማስተካከያዎች ላምባና ነጭ ናፍታ እኩል ዋጋ ነበራቸው፤ ሁለቱም 90 ብር ከ28፣ ቀጥሎ ሁለቱም 98 ብር ከ98። ላምባ በጣም ርካሽ በሆነበት አገር ሁሉ ናፍታ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ዋጋቸው እኩል ሲሆን ግን በራዡ ምን ያተርፋል? መቶ ተቆጣጣሪ የማይሠራውን ሥራ አንድ የዋጋ መስመር ይሠራዋል። በዚህ ላይ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ነዳጅን ከባዕድ ነገር ጋር መቀላቀልን ያስቀጣል። የቀረው ናሙና እየወሰዱ መመርመርና ውጤቱን ለሕዝብ ማውጣት ነው። የትኛው ማደያ ንጹሕ እንደሆነ ብናውቅ ሰልፉ ራሱ ይቀጣቸው ነበር።

«ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ምን አለፋህ?» የሚለኝም አለ። በእርግጥ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ግን ይህ ክልከላ ያሉትን መኪናዎች አላጠፋቸውም፤ ዕድሜያቸውን አስረዘመው እንጂ። ተተኪ የሌለው ቪትስ ነገም ቪትስ ነው። ያ መኪና ለባለቤቱ ቤት እንደማለት ነው፤ ለብዙ ሾፌሮች ደግሞ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እህል፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ የሚጭነው ከባድ መኪናም ዛሬም ናፍታ ነው የሚጠጣው። የሱ ኖዝል ሲቆሽሽ ፍጆታው ይጨምራል፤ ፍጆታው ሲጨምር የማጓጓዣ ዋጋ ይጨምራል፤ ያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኛው ቻናል ላይ የጤፍ ዋጋ ሆኖ ይመጣል። መኪና የሌለው ሰውም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደለም።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ባጭሩ እንዲህ ነው የምመክረው።

መኪናችሁ ያለችግር ከተነሣች፣ ሚኒሞው ካልተንቀጠቀጠ፣ ፍጆታዋ ካልጨመረ፣ ምንም አትግዙ። ብራችሁን ያዙ።

ምልክት ካለ፣ ከጎማ ንፋስ፣ ከአየር ፊልትሮና ከካንዴላ ጀምሩ። ቀጥሎ የነዳጅ ፊልትሮ። ካልተስተካከለ አንድ ጠርሙስ ፒኢኤ ያለው ማጽጃ ሙሉ ታንክ ላይ ጨምሩና ያን ታንክ ከተማ ውስጥ ከመንፏቀቅ ይልቅ ረዘም ያለ መንገድ ላይ ጨርሱት፤ አዳማ ደርሶ መመለስ ጥሩ ነው። ከዚያ ዘይት ቀይሩ፤ የታጠበው ነገር ጥቂቱ ወደ ዘይቱ ይወርዳልና። ለውጥ ካላያችሁ ሁለተኛ ጠርሙስ አትግዙ፤ ችግሩ ቆሻሻ አይደለም፣ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

መኪናችሁ ዕድሜ ጠገብ ሆና ለዓመታት ምንም ማጽጃ ካልነካት፣ ማጽጃ ከጨመራችሁ በኋላ የነዳጅ ፊልትሮው ሊደፈን እንደሚችል አስባችሁ ቀያሪ ፊልትሮ አዘጋጁ።

ነዳጅ ሲገለበጥላቸው ያያችኋቸው ማደያዎች ላይ ወዲያው አትቅዱ፤ ከታች የተቀመጠው ዝቃጭ እስኪረጋ ጊዜ ስጡት። ታንካችሁንም ሁልጊዜ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ አትንዱ። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ የግድ ሲሆን ብቻ።

ኖዝላቸው የሚያስቸግራቸው የናፍታ ባለቤቶች፣ የቤንዚን ማጽጃ እንዳትጨምሩ። ለናፍታ የተሠራውን ለዩ። ውኃ መለያ ፊልትሮውንም በጊዜው አፍስሱት፤ ከማንኛውም ጠርሙስ በላይ ይጠቅማችኋል።

የእኔ ሐሳብ ይሄው ነው። ሳሙናው ጥሩ ነው፤ ግን እያንዳንዳችን በውድ ችርቻሮ ከምንገዛው፣ ምንጩ ላይ በጅምላ ቢገባ ለሁላችንም ይረክሳል። ጥራት የሰንጠረዡ አካል እስኪሆን ድረስ ዋጋው ግማሽ ወሬ ነው የሚነግረን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ማጽጃ ተጠቅማችሁ ፍጆታችሁን በቁጥር የለካችሁ ካላችሁ፣ መኪናውን፣ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። «ተሻለኝ መሰለኝ» ሳይሆን ቁጥር! ለሌላው ይጠቅማል። የሳምንቱን የእህልና የግንባታ ዕቃ ዋጋ እንደተለመደው እንለቃለን።

ቸር እንሰንብት።